ዋጋው ስንት ነው? ቫቱስ?

መርሳ ያለችው አክስቴ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። የድሮው ምጣዷ አንድ ጎኑ አልግል እያለ ሲያስቸግራት፣ ልጇ ከአንድ የአዲስ አበባ የቴሌግራም ሱቅ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ አሳያት። ከፎቶው ሥር 5,000 ብር ተብሎ ተጽፏል። ደውላ ሻጩን አነጋገረችው፤ ስልኩን ስትዘጋ ወልዲያ ወዳለሁት ወደ እኔ ደወለች።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ ሰውዬ አንዱን ምጣድ በሁለት ዋጋ ይሸጣል።»

«እንዴት አድርጎ፣ እትዬ?»

«አምስት ሺህ ብሎ ለጥፎ፣ ደረሰኝ ትሰጠኛለህ ወይ ስለው አምስት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ አለኝ። ወረቀት ሰባት መቶ ሃምሳ ብር ያወጣል?»

ሥራዬ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ነው። አዳጎና ጎንደር በር አካባቢ ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች ደረሰኛቸውን በፌስታል ጠቅልለው ያመጡልኛል፤ እኔ ደግሞ መዝግቤ፣ ደምሬና ቀንሼ የየወሩን ቫት አሳውቅላቸዋለሁ። ስለ ቫት የማልጠየቀው ነገር የለም። የአክስቴን ያህል ነገሩን ከሥሩ የነካ ጥያቄ ግን አልሰማሁም፤ ገዢው ወረቀቱን ሲጠይቅ የሚጨምር ዋጋ፣ መጀመሪያውኑ ዋጋ ነበር ወይ?

ሰባት መቶ ሃምሳው የወረቀት ዋጋ አይደለም። የአምስት ሺህ 15 በመቶ ነው፤ ማለትም ተጨማሪ እሴት ታክስ። ሻጩ የለጠፈው ከታክስ በፊት ያለውን ዋጋ ነው። እስከዚህ ድረስ በሌላ አገርም የሚደረግ ነገር ነው። የእኛው ሻጭ ግን አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዷል፤ ታክሱን እንደ ፌስታልና ካርቶን «ከፈለግሽ ይጨመር፣ ካልፈለግሽ ይቅር» የሚባል ነገር አደረገው። ታክስ ደግሞ ሻጭና ገዢ ተስማምተው የሚያስቀሩት ዕቃ አይደለም።

ቫት ወደ አገራችን የገባው ታኅሣሥ 23 ቀን 1995 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 መሠረት፣ ከእሱ በፊት የነበረውን የሽያጭ ታክስ ተክቶ። ምጣኔው ያኔ 15 በመቶ ነበር፣ ዛሬም 15 በመቶ ነው። አዋጁ በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1341 ሲተካም ይህች ቁጥር አልተነካችም። የተነካው የመመዝገቢያው መነሻ ነው። በመጀመሪያው አዋጅ የዓመት ሽያጩ 500,000 ብር የደረሰ ነጋዴ ይመዘገብ ነበር፤ ቆይቶ ወደ 1 ሚሊዮን ከፍ አለ፤ በአዲሱ አዋጅ 2 ሚሊዮን ብር ሆኗል። ከዚያ በታች የሚሸጥ ሰው የመመዝገብ ግዴታ የለበትም፤ ካልተመዘገበ ደግሞ ከገዢ ላይ ቫት ብሎ አምስት ሳንቲም መቀበል አይችልም። ይህን የምለው በምክንያት ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቫትን ብዙ ሰው የሚያውቀው በደረሰኝ ግርጌ ነው። በደንብ ቁጥር 139/1999 የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ግዴታ ከሆነ ወዲህ፣ ከማሽኑ የሚወጣው ቀጭን ወረቀት ላይ ታክስ የሚከፈልበት ዋጋ፣ ከሥሩ 15 በመቶው፣ ከዚያ ጠቅላላው ተደርድረው እናያለን። ይህን እያየ ሰው ሁሉ «ነጋዴው 750 ብር ለመንግሥት ከኪሱ ከፈለ» ወይም «ነጋዴው 750 ብር ቆረጠመ» ብሎ ያስባል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

በምሳሌ ላስረዳ፤ ቁጥሩን ያደረግሁት ለማስላት እንዲቀል ነው። ባለ ሱቁ ምጣዱን ከአምራቹ በ4,000 ብር ገዛ እንበል። በዚያ ላይ 600 ብር ቫት ይከፍላል፤ ከኪሱ የወጣው 4,600 ነው። ለአክስቴ በ5,000 ሲሸጥላት 750 ቫት ይጨምርና 5,750 ይቀበላል። ወሩ ሲያልቅ ከተቀበለው 750 ላይ ሲገዛ የከፈለውን 600 ቀንሶ 150 ብር ለገቢዎች ያስገባል። ትርፉ 1,000 ብር ነው። ቫቱ በእጁ አለፈ እንጂ የእሱ አልነበረም፤ የከፈለችው የመጨረሻዋ ተጠቃሚ አክስቴ ናት።

አሁን «ያለ ደረሰኝ 5,000» ያለውን እንመልከት። ሰውየው በ4,600 የገዛውን በ5,000 ከሸጠ ትርፉ 400 ብር ብቻ ይሆናል። ከግማሽ በላይ ትርፉን ለማያውቃት የመርሳ ሴት የሚለቅ ነጋዴ እኔ አላየሁም። ስለዚህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ እሱም ራሱ ያለ ደረሰኝ በ4,000 ገዝቶታል፤ ወይ ደግሞ የገዛበትን ደረሰኝ ይዞ 600 ብሩን ከሌላ ሽያጩ ቫት ላይ እየቀነሰ፣ የአክስቴን ሽያጭ ከመዝገብ ውጭ ያደርገዋል። መዝገብ የሚይዝ ሰው ይህን ለማየት መነጽር አያስፈልገውም፤ ግዢው እየበዛ ሽያጩ የማይታይ ሱቅ ሲገጥመው ያውቀዋል። እናም በማስታወቂያዎች ላይ «ዋጋው ቫትን አይጨምርም» የሚለው መስመር በእኛ አገር የዋጋ አጻጻፍ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያቆምም። ቀጥሎ ለሚመጣው «በደረሰኝ ነው ወይስ ያለ ደረሰኝ?» ለሚለው ጥያቄ በር ይከፍታል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው በር ነው።

ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አላለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል፤ የሚያሳየው ዋጋም ታክስንና ሌሎች ሕጋዊ ክፍያዎችን ያካተተ መሆን አለበት። አዋጁ ሲወጣ የታሰበው በሱቅ ግድግዳና በመደርደሪያ ላይ የሚለጠፈው ዋጋ ነበር ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ነገር ግን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚደረግ ግብይትን ሕጋዊ መሠረት የሰጠ አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አለ፤ በስልክ የተጻጻፍነው ውል አይደለም ማለት አይቻልም። ከግንቦት 2013 ጀምሮ ደግሞ ቴሌብር መጥቶ፣ መርሳ ቁጭ ያለ ሰው አዲስ አበባ ላለ ሻጭ ብሩን በቅጽበት ያደርሳል። ብሩ በቅጽበት ከሄደ ዋጋውም ብሩ ከመሄዱ በፊት ሙሉ ሆኖ መታወቅ አለበት። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚሉትንማ ተዋቸው፤ እነሱ ገና ዋጋ ማሳየትም አልጀመሩም።

በአካል ስንገበያይ ይህ ጉድለት ያን ያህል አይጎዳም። ወልዲያ ገበያ ላይ አንድ ሰው «አምስት ሺህ» ብሎ ኋላ «አምስት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ» ቢል፣ ጥሎ ሄዶ ቀጣዩ ሱቅ መግባት ነው። መርሳ ያለ ሰው ግን ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ቀብድ ልኳል፣ ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኗል፣ ወይም ልጁ ለሠርጉ ይደርስልኛል ብሎ ቀን እየቆጠረ ነው። እዚያ ላይ «ቫቱ አልተጨመረም ነበር» ሲባል የሚከራከርበት አቅም የለውም። ርቀት የገዢን አፍ ይዘጋል። በዚያ ላይ እኛ አካባቢ ያሳለፍነውን ሁሉም ያውቃል፤ በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቴሌግራም የሚባል ገበያ አልነበረንም። ሲመለስ ሰው ናፍቆት ስለነበር ያየውን ሁሉ አዘዘ፤ ያየውን ዋጋ ሁሉ ደግሞ አመነ።

የአክስቴን ነገር ልጨርስ። የአዲስ አበባው ምጣድ በደረሰኝ 5,750 ነው፤ የመጫኛው 300 ብር ተጨመረበትና 6,050 ሆነ። ወልዲያ ያለ አንድ ሱቅ በራሱ ቻናል ላይ ያንኑ ዓይነት ምጣድ «5,900፣ ቫትን ጨምሮ» ብሎ ለጥፎት ነበር። በስልክ ስታየው ከአዲስ አበባው 900 ብር ይበልጥ ስለነበር አልፋው ሄዳለች። እውነተኛው ሒሳብ ሲሠራ ግን የወልዲያው 150 ብር ይረክሳል፤ በዚያ ላይ ሰክታ፣ ሲግል አይታ ነው የምትወስደው። ገዛችው። ነገር ግን ስንቱ ሰው ደውሎ የሚጠይቀው አክስት ወይም የእህት ልጅ አለው? ያ የወልዲያ ነጋዴ ትክክለኛውን ዋጋ በመጻፉ ስንት ገዢ ሳያውቀው አልፎታል?

ይህንኑ ቅሬታ ወልዲያ ውስጥ ጫማ የሚሸጡ አንድ ደንበኛዬ በየወሩ ይነግሩኛል። ለቫት የተመዘገቡ፣ ማሽናቸው ከአንድ ቀን በላይ ተበላሽቶ የማያውቅ፣ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ልጃቸው ቴሌግራም ከፍቶላቸዋል።

«ጋሼ፣ ዋጋውን ከነቫቱ ያስለጥፉ እንጂ» አልኳቸው።

«አንቺ ስለ ሕግ ታወሪያለሽ፣ እኔ ስለ ደንበኛ። እኔ 2,300 ብዬ ስለጥፍ ያኛው ልጅ ያንኑ ጫማ 2,000 ይላል። ሰው የሚደውለው ለማን ነው?»

«ደውሎ ሲጠይቅ 2,300 ይለዋል እኮ።»

«ይበለው! ከደወለማ አለቀ። ጫማውን በዓይኑ ወስዶታል፣ ለሚስቱ ነግሯታል። ሦስት መቶ ብር ትመልሰዋለች?»

እኚህ ሰው ያነበቡት ጥናት የለም፤ ግን ልክ ናቸው። ራጅ ቼቲ የሚባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በሰሜን ካሊፎርኒያ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ሙከራ አድርጎ፣ ውጤቱ በ2009 በፈረንጆች አቆጣጠር ታትሟል። በአሜሪካ መደርደሪያ ላይ የሚጻፈው ከታክስ በፊት ያለው ዋጋ ነው፤ ታክሱ ገንዘብ መክፈያው ላይ ይጨመራል። አጥኚዎቹ በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ ታክሱ የተደመረበትን ዋጋ ጨምረው ለጠፉ። ዕቃው አልተለወጠም፣ የሚከፈለውም ብር አልተለወጠም። ሽያጩ ግን 8 በመቶ ገደማ ወረደ። ገዢዎቹ ታክስ መኖሩን ያውቁ ነበር፤ ሲጠየቁ ምጣኔውንም ይናገራሉ። በዓይናቸው ፊት ካልተጻፈ ግን ሲገዙ አያስቡትም። ደንበኛዬ «በዓይኑ ወስዶታል» ያሉት ይህንኑ ነው።

ስለ አሜሪካ ካነሳሁ አይቀር፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ዘመዴ በስልክ ያጫወተችኝን ልንገራችሁ። ሜሪላንድ የሽያጭ ታክሱ 6 በመቶ ነው። ኢንተርኔት ላይ 200 ዶላር ያየችው ዕቃ አድራሻዋን ስትሞላ 212 ይሆናል። አጠገቧ ያለው ዴላዌር ውስጥ ጓደኛዋ ያንኑ ብታዝ 200 ብቻ ትከፍላለች፤ እዚያ የሽያጭ ታክስ የለም። ከ50ዎቹ ክፍላተ ግዛት 45ቱ የየራሳቸው የሽያጭ ታክስ አላቸው፤ በብዙዎቹ ውስጥ ደግሞ ወረዳውና ከተማው የራሱን ይጨምርበታል። የኢንተርኔት ሱቁ ገዢው የት እንደሚኖር ሳያውቅ ሙሉውን ዋጋ ልጻፍ ቢል አይችልም። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2018 በፊት እንዲያውም ሱቁ በዚያ ክፍለ ግዛት ቢሮ ወይም መጋዘን ከሌለው ታክስ እንዲሰበስብ አይገደድም ነበር፤ በዚያ ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሳውዝ ዳኮታ ዌይፌር የተባለውን ሱቅ በከሰሰችበት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ነው ያ የተለወጠው። አሜሪካኖች ዋጋውን ያለ ታክስ ለማሳየት ምክንያት አላቸው ማለቴ ነው። ጥሩ ምክንያት ነው አልልም፤ ግን ምክንያት ነው።

እኛ ያ ምክንያት የለንም። ከሞያሌ እስከ ሑመራ፣ ከጅግጅጋ እስከ መርሳ ቫት 15 በመቶ ነው። ሻጩ የገዢውን አድራሻ ሳይጠይቅ ሙሉውን ዋጋ ያውቀዋል። እንደኛ በመላው አገር የሚሠራ ቫት ያላቸው የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1998ቱ የዋጋ ማሳያ መመሪያቸው ጀምሮ ለተራ ሸማች የሚታየው ዋጋ ታክስን ያካተተ የመጨረሻው ዋጋ እንዲሆን አድርገዋል። ጃፓን ታክሷን በፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ወደ 8፣ በ2019 ወደ 10 በመቶ ስታሳድግ ነጋዴዎች ዋጋ መለጠፊያውን ደጋግመው እንዳይቀይሩ ብላ ያለ ታክስ እንዲጽፉ ለጊዜው ፈቅዳላቸው ነበር። ፈቃዱ በመጋቢት 2021 መጨረሻ አበቃ፤ ከሚያዝያ 1 ጀምሮ በመደብርም በድረ ገጽም ሙሉው ዋጋ ግዴታ ሆነ። ምጣኔው ከሃያ ዓመት በላይ ያልተነቃነቀበት የእኛ ነጋዴ «ይለዋወጥብኛል» እንኳ ሊል አይችልም።

አሁን ወዳልተመዘገበው ሻጭ ልመለስ፤ ምክንያቱም በመርሳና በሐብሩ ወረዳ ቴሌግራም የከፈቱት አብዛኞቹ እነሱ ናቸው። ከመርሳ ፍራፍሬ እየሰበሰበ ወልዲያና ደሴ ላሉ ቤቶች በስልክ ትእዛዝ የሚያደርስ አንድ ወጣት «ቫትን ጨምሮ ብዬ ልጻፍ? የታመነ ይመስላል» ብሎ ጠየቀኝ። በፍጹም አልኩት። ለቫት ያልተመዘገበ ሰው «ቫትን ጨምሮ» ካለ የሌለውን ታክስ ሰበሰብኩ ማለቱ ነው፤ ከመኩራራት አልፎ ጥፋት ይሆናል። እሱ መጻፍ ያለበት «የመጨረሻ ዋጋ» ብቻ ነው፤ ማድረሻውን ለይቶ።

የዚህ ግልባጭ ደግሞ «እኛ ጋ ቫት የለም፣ 15 በመቶ ይቆጥቡ» የሚለው ማስታወቂያ ነው። ይህ ገዢን ያታልላል። ወደ ምጣዱ ሒሳብ እንመለስ። ያልተመዘገበው ሻጭ ምጣዱን ከዚያው አምራች በ4,600 ነው የሚገዛው፤ ስላልተመዘገበ ግን የከፈለውን 600 የሚያቀናንስበት ቦታ የለውም፣ የዕቃው ዋጋ ውስጥ ይገባበታል። እንደ ተመዘገበው 1,000 ብር ልትረፍ ካለ በ5,600 ይሸጣል። የተመዘገበው 5,750 ነው። ልዩነቱ 150 ብር፣ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። «ቫት የለም» የተባለው ምጣድ ውስጥ 600 ብር ቫት ተደብቆ ተቀምጧል። ከዚህ በላይ የረከሰ «ቫት የሌለው» ዕቃ ካገኛችሁ፣ ወይ ሻጩ ትርፉን ቀንሷል፣ ወይ ዕቃው ራሱ በደረሰኝ አልመጣም።

ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ደግሞ በእኛ መንገድ ላይ ሰላም የለውም። ወልዲያ መስቀለኛ ናት፤ ከደሴ፣ ከመቀሌ፣ ከጎንደርና ከአፋር በኩል የሚመጣ ሁሉ ያልፍባታል። ኬላ ላይ አውቶቡስ ሲፈተሽ ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ከተገኘ የመጀመሪያው ጥያቄ «ደረሰኙ የታለ?» ነው። ያን ጊዜ ያለ ደረሰኝ ተቆጠበ የተባለው ብር ከዕቃው ጋር አብሮ ይቀራል። ቢያልፍም ዕቃው ሲበላሽ መልሱልኝ የሚባልበት ማስረጃ የለም።

አንድ የሚያናድደኝ የሒሳብ ስህተት አለ፤ በዚህ አጋጣሚ ልናገረው። ቫት ከተጨመረበት ዋጋ ውስጥ ቫቱን ለማውጣት ብዙ ሰው 15 በመቶ ይቀንሳል። ስህተት ነው። ከ5,750 ላይ 15 በመቶ ብትቀንሱ 862 ብር ከ50 ሳንቲም ይወጣል፤ እውነተኛው ቫት ግን 750 ነው። 15 በመቶው የተሰላው በ5,000 ላይ እንጂ በ5,750 ላይ አይደለምና። መንገዱ ጠቅላላውን በ1.15 ማካፈል ነው። ስልኩ አጠገቡ የሌለ ሰው ደግሞ ጠቅላላውን በ23 አካፍሎ በ3 ያባዛ፤ 5,750 ለ23 ሲካፈል 250፣ በ3 ሲባዛ 750። ይህን የማያውቅ ሻጭ «ቫቱን ልቀንስልህ» ብሎ ከራሱ ኪስ 112 ብር ከ50 ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ገዢውም አልነገረውም፣ እኔም ደንበኛዬ ስላልነበረ ዝም አልኩ።

በምግብ ቤት ነገሩ ይብሳል። አንዳንድ ሆቴሎች ዝርዝሩ ላይ 400 ብር ጽፈው፣ ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የአገልግሎት ክፍያና ቫት እንደሚጨመር ይነግሩናል። 10 በመቶ አገልግሎት ሲጨመር 440፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 506 ይሆናል። ሁለቱን ደምሮ 25 በመቶ ብሎ ያሰበ ሰው 500 ብር ይዞ ገብቶ 6 ብር ይጎድለዋል። ትክክለኛው ጭማሪ 26.5 በመቶ ነው። ምግብ በስልክ በሚታዘዝባቸው ከተሞችም ይኸው ልማድ ወደ ስልኩ እንዳለ ተሻግሯል።

ከታክስ በፊት ያለውን ዋጋ ማሳየት ፈጽሞ አይረባም ማለቴ አይደለም። የሚፈልገው ሰው አለ። ለቫት የተመዘገበ የሕንፃ ተቋራጭ ሲሚንቶና ብረት ሲገዛ የከፈለውን ቫት ከሚሰበስበው ላይ ስለሚቀንስ፣ ለእሱ ወጪው ከቫት በፊት ያለው ዋጋ ነው። ቅድመ ግብር የሚቀንስ ድርጅትም የሚያሰላው ቫት ሳይጨመር ባለው ዋጋ ላይ ነው። በኩር ጋዜጣ ላይ የሚወጡትን የክልላችንን የጨረታ ማስታወቂያዎች ያነበበ ሰው «ከ200,000 ብር በላይ ከሆነ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከፋይነት የምዝገባ ማስረጃ» የምትለዋን መስመር በቃሉ ያውቃታል። ከእነዚህ ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ ተጫራቹ የሞላው ዋጋ ቫትን ማካተት አለማካተቱን ካልገለጸ እንዳካተተ ይቆጠራል ይላሉ። ይህች መስመር ትልቅ ናት። ዝም ካልክ የጻፍከው የመጨረሻ ዋጋህ ነው ማለት ነው። መንግሥት ሲገዛ ለራሱ ያበጀው ይህ ጥበቃ፣ አንድ ምጣድ ለሚገዛ ሰው የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ነጋዴ ለነጋዴ የሚሸጥ ከሆነ ሁለቱንም ይጻፍ፤ ትልቁ ቁጥር ከነቫቱ ያለው ይሁን፣ ትንሹ ከሥሩ።

የጫማ ነጋዴው ደንበኛዬ ብቻቸውን 2,300 ብለው ሲጽፉ ይጎዳሉ፤ ይህን አልክድም። ለዚህም ነው ጉዳዩን ለአንድ ሰው ቅንነት ብቻ መተው የማይበቃው። ተቆጣጣሪ መጥቶ ግድግዳ ላይ ዋጋ አልተለጠፈም ብሎ ሱቅ ሲያሽግ ዓይተናል። የዚያኑ ሱቅ ቻናል በስልኩ ከፍቶ «ይህ ዋጋ ሙሉ ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን አላየሁም። ለማየት መንገድ መሄድም፣ መኪና መጠየቅም አያስፈልግም፤ ቢሮው ቁጭ ብሎ ይችላል። የወልዲያም የሐብሩም ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤቶች የዋጋ ቁጥጥራቸውን ከግድግዳ ወደ ስልክ ቢያሻግሩት፣ የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ደረሰኝ እየቆረጡ የሚከስሩት ነጋዴዎች ናቸው።

ሻጮች ሆይ፣ ከፎቶው ሥር አንዲት መስመር ትበቃለች፤ «5,750 ብር፣ ቫትን ጨምሮ፣ ከደረሰኝ ጋር፤ እስከ መርሳ መጫኛ 300 ብር» ብላችሁ ጻፉ። ያልተመዘገባችሁ «የመጨረሻ ዋጋ» በሉና ቫት የሚለውን አትንኩ።

ገዢም ብሩን በቴሌብር ከመላኩ በፊት አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ይላክ፤ «ቫትን፣ ደረሰኝንና እስከ መርሳ መናኸሪያ ያለውን መጫኛ ጨምሮ በጠቅላላ ስንት እከፍላለሁ?» መልሱ በድምፅ ከመጣ በጽሑፍ ያስደግም፤ በጽሑፍ እስኪመጣም ብሩን አይላክ።